ሣህለ ሥላሴና የታጠሩት መንደሮች

ኮልፌ 18 ማዞሪያ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጬ የሜጀር ሃሪስን መጽሐፍ ሳገላብጥ አንድ አባት «ልጄ፣ ወደ ከተማ የሚሄደው ታክሲ የቱ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። አሳየኋቸውና ወደ ገጼ ተመለስኩ፤ ቃሉ ግን አልለቀቀኝም። «ከተማ» ዱሮ ሱቅና አስፋልት አልነበረም። ንጉሥ ከነሠራዊቱ አጥር አጥሮ የሚሰፍርበት ቦታ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ይህንን ሥራ ከአባቶቻቸው ወርሰው አስፋፉት። በድንበራቸው ላይ የታጠሩ መንደሮች ቆረቆሩ፤ ሰው አሰፈሩ። የልጅ ልጃቸው ምኒልክ የተወለዱባት አንጎለላም የእሳቸው ሥራ ናት። ታዲያ ሕይወታቸውን የጻፉት ሰዎች ይህንን አይተውታል?

ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ በ1841 ሸዋ ገባ፤ በ1844 ባለሦስት ቅጽ መጽሐፍ አወጣ። ሰውየው የቦምቤይ ጦር መሐንዲስ ስለነበር ስለ አጥርና ስለ ሰፈራ አጥግቦ ይነግረኛል ብዬ ነበር። ያጠገበኝ ድግስና ነጋሪት ነው። አጻጻፉ ጭነት የበዛበት በቅሎ ይመስላል (የገዛ አገሩ ሰዎችም ተሳልቀውበታል)። ከአንጎለላ የተነሣውን ዘመቻ ሲተርክ ግን ጌጡ ይረግፋል። የኦሮሞ መንደሮች ሲቃጠሉ፣ ከብት ሲነዳ፣ ሴቶችና ሕፃናት ሲማረኩ በዓይኑ ያየውን ይጽፋል። የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ይህ ነው፤ ለማንበብ የሚከብደውም ይኸው።

በዚያው 1844 መጽሐፉን ያሳተመው ቻርልስ ጆንስተን አልዩ አምባ ተቀምጦ የነበረ ሰው ነው። ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ለጓዳው ይቀርባል፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ። የእኛው ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ፣ በ1959 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፋቸው፣ ዓላማው ምኒልክ ስለሆኑ አያትየውን ፈጠን ብሎ ያልፋቸዋል። በዚህ አልወቅሳቸውም።

የምወቅሰው ከእነሱ በኋላ የመጣነውን ነው። ግማሻችን ንጉሡን አገር አቅኚ፣ ግማሻችን ወራሪ ብለን ብዕራችንን እንከድናለን። በአጥሩ ውስጥ ያረሰው ባላገር ምን ዘራ? ሌሊት ማን ጠበቀ? መሬቱን የተነጠቀው ገበሬስ ወዴት ሄደ፣ ወይስ ጭሰኛ ሆኖ እዚያው ቀረ? እኔ ሻይ የምጠጣበት ኮልፌም ቢሆን የምኒልክ ከተማ ሳይደርስበት የኦሮሞ ገበሬ መሬት ነበር።

ሃሪስን ያገኘ አንባቢ ድግሱን ዘልሎ ከዘመቻው ምዕራፍ ይጀምር፤ ጆንስተንን ያስከትል።