የሕክምና ተማሪን «ጠንክር» ማለት ለምን አይበቃም?

ሕክምና ልትማሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ግቢ ከገባችሁበት ሳምንት ጀምሮ አንድ ዓይነት ምክር ትሰማላችሁ፦ በደንብ ተኙ፣ ስፖርት ሥሩ፣ ሰዓታችሁን በአግባቡ ተጠቀሙ፣ ከሁሉም በላይ ግን ጠንክሩ። ምክሩ ውሸት አይደለም። የኔ ቅሬታ ጥፋቱን በሙሉ ተማሪው ላይ ጥሎ የሚማርበትን ቦታ ነፃ ማውጣቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 «ጃማ» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ሥራ ከ43 አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን ደምሮ ነበር፤ በድምሩ ከ120 ሺህ በላይ የሕክምና ተማሪዎች ማለት ነው። 27 በመቶ ያህሉ የድባቴ ምልክት ታይቶባቸዋል። ምልክቱ ከታየባቸው ውስጥ ደግሞ ሕክምና የፈለጉት 16 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ሐኪም ሊሆን የሚማር ሰው ራሱ ሐኪም ጋ አይሄድም! እስቲ አስቡት፤ በአንድ መንደር ከአራት ሰው አንዱ ተቅማጥ ቢይዘው «ሆዳችሁን አጠንክሩ» ትላላችሁ ወይስ ውሃውን ትመረምራላችሁ?

ቆቦና ራያ ቆላ ያደጋችሁ ነገሩን ከማሳ ታውቁታላችሁ። ማሽላ ድርቅ ቻይ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ቅጠሉን ይጠቀልላል፣ እድገቱን ይገታል፣ ዝናቡ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ችሎታው ግን ወሰን አለው፤ ድርቁ አበባ በሚያወጣበት ወይም ፍሬው በሚሞላበት ሰሞን ከመጣ ምርቱ ክፉኛ ይቀንሳል። ስለዚህ የራያ ገበሬ «ማሽላዬ ቻይ ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባል፤ ይህም ብቻውን የሚወጣው ሥራ አይደለም።

የሕክምና ተማሪም አበባ የሚያወጣበት ጊዜ አለው፦ ከክፍል ወጥቶ ዋርድ የሚገባበትና ኢንተርን የሚሆንበት። በእጁ ላይ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚያየው ያኔ ነው። ከ24 ሰዓት በላይ የሚዘልቅ ዲዩቲ የሚያድረው፣ ራውንድ ላይ በታካሚ ፊት የሚመናጨቀውም ያኔ ነው። በዚህ ላይ «ጠንክር» ማለት ምን ይጨምርለታል? እ.ኤ.አ. በ2004 ቦስተን ውስጥ የታተመ ጥናት በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠሩ ኢንተርኖችን በሁለት ዓይነት ፕሮግራም አወዳድሮ ነበር። 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ በሚያሠራው ፕሮግራም የተፈጸሙት ከባድ ስህተቶች ሰዓቱ ካጠረው 36 በመቶ ያህል ይበልጡ ነበር። ሰዎቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ የተለወጠው የሥራው ሰዓት ነው።

ቦታውን መለወጥ እንደሚቻልም ታይቷል። አሜሪካ ያለው የሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውጤትን «አለፈ/ወደቀ» ብቻ አደረገው፤ የክፍል ሰዓት ቀነሰ፣ ተማሪዎችን ከመምህራን ጋር በትንንሽ ማኅበረሰቦች አደራጀ። የጽናት ሥልጠናም ጨምሮበታል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ግን ሥልጠናውን በለውጡ ላይ ጨመረው እንጂ በለውጡ ፋንታ አላስገባውም። የተማሪዎቹ ድባቴና ጭንቀት ቀነሰ።

እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም ሕክምና ማኅበር በጄኔቫ ቃለ መሐላ ላይ ሐኪሙ የራሱን ጤናና ደኅንነት እንደሚጠብቅ የሚናገር ቃል ጨምሯል። ቆንጆ ነው። ግን አሁንም የሚምለው ሐኪሙ ብቻ ነው፤ ዲዩቲ የሚያወጣው ክፍል ኃላፊ ምንም አልማለም።

«እኛ ጋ ሰው የለም፣ ገንዘብ የለም» የሚል መልስ ይመጣል፤ እውነትነትም አለው። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች አደባባይ ሲወጡ ካነሷቸው ጉዳዮች አንዱ የሥራው ሁኔታ ነበር፤ ሆስፒታሎቻችን በእነሱ ትከሻ ላይ መቆማቸውንም ሁሉም ያውቃል። ሆኖም ተማሪን በታካሚ ፊት አለማዋረድ ስንት ብር ይፈጃል? የምክር አገልግሎት የሚሰጠው ሰው ፈተና የሚያርመው መምህር እንዳይሆን ማድረግስ? በቡድን መማርም ቢሆን ለኛ እንግዳ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው ጎንደር ልዩ ልዩ ሙያ የሚማሩ ተማሪዎችን በቡድን አድርጎ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር፤ አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይሠራሉ። ዓላማው የጤና አገልግሎት ነበር፤ ለኔ ግን ከማንኛውም የጽናት ሥልጠና የተሻለ ሆኖ ይታየኛል።

የቆቦን ልጅ ደግሞ አትርሱ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ደርሶ ስልክ ሲቋረጥ፣ ሩቅ ከተማ ሆኖ የሚማር የራያ ልጅ እናቱ በሕይወት መኖሯን ማወቅ አይችልም ነበር። እንዲህ ያለውን ልጅ የሰዓት አጠቃቀም ሥልጠና አይረባውም። የሚረባው ፈተናውን የሚያራዝምለት ዲን፣ ማታ ብቻውን የማይተወው የዶርም ጓደኛ፣ «ቤተሰቦችህ እንዴት ናቸው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ መምህር ነው።

ምደባው የፈለጋችሁት ቦታ ባይደርሳችሁም፣ የደረሳችሁ ጊዜ የበላይ ተማሪዎችን እነዚህን ጠይቁ። ከዲዩቲ ማግስት ትተኛላችሁ ወይስ ራውንድ ትገባላችሁ? ሰው ቢጨንቀው ስሙ ሳይወራ ማን ጋ ይሄዳል? ባለፈው ዓመት ያቋረጠ ልጅ ካለ፣ ደውሎ የጠየቀው ሰው ነበር?