ቀን እንጂ ሰዓት የሌለው ቀጠሮ

«የሐበሻ ቀጠሮ» የሚለው አነጋገር ዘወትር የሚሰነዘረው በዘገየ ሰው ላይ ነው። በብዙ የመንግሥት ሆስፒታሎች የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ታካሚው ከተባለበት ሰዓት ቀድሞ፣ ብዙ ጊዜም ገና ሳይነጋ፣ ከበሩ ላይ ይደርሳል፤ የሚዘገየው የጠራው ተቋም ነው። በእጁ የያዘው የቀጠሮ ወረቀት ቀንና ወር ተጽፎበታል፤ ሰዓት ግን ወይ የለበትም፣ አለዚያም ለሁሉም ታካሚ እኩል «ጠዋት 2 ሰዓት» ይላል። እንዲህ ያለው ወረቀት ቀጠሮ ከመባል ይልቅ የወረፋ መጥሪያ ቢባል ይቀልላል።

ስለዚህ አሠራር ጥያቄ ሲነሣ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ ሐኪም ጥቂት ነው፣ ሕመምተኛ ብዙ ነው። መልሱ እውነት አለው፤ ይሁን እንጂ ሁለት የተለያዩ መጠበቆችን አንድ አድርጎ ያያል። አንደኛው የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ ድረስ ያለው የሳምንታትና የወራት መጠበቅ ሲሆን፣ ይህ በእርግጥም ከባለሙያ፣ ከአልጋና ከመሣሪያ እጥረት ጋር የተያያዘ ነው። ሁለተኛው በቀጠሮው ዕለት በአግዳሚ ወንበር ላይ የሚያልፈው የሰዓታት መጠበቅ ነው። የዚህኛው ዋነኛ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ የሰዓት አደላደል ጉድለት ነው።

ይህን ለማሳየት ቀላል ስሌት ይበቃል። አንድ ሐኪም በአንድ ጠዋት 18 ታካሚዎችን፣ እያንዳንዳቸውን ለ10 ደቂቃ ያያል እንበል። ሁሉም በ2 ሰዓት ይጠራሉ፤ ሐኪሙ ሥራ የሚጀምረው በ3 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ታካሚ 1 ሰዓት፣ የመጨረሻው ደግሞ 3 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይጠብቃል። አማካዩ 145 ደቂቃ ይሆናል። እነዚሁ ታካሚዎች ስድስት ስድስት ሆነው በ3፣ በ4 እና በ5 ሰዓት ቢጠሩ ሐኪሙ እንደቀድሞው በ6 ሰዓት ይጨርሳል፤ የታካሚዎቹ አማካይ ጥበቃ ግን ወደ 25 ደቂቃ ይወርዳል። የ18ቱ ሰዎች ጥበቃ ሲደመር ከ43 ሰዓት ተኩል ወደ 7 ሰዓት ተኩል ዝቅ ይላል። ለዚህ አንድም ተጨማሪ ሐኪም አልተቀጠረም። እርግጥ ነው፣ አንዱ ታካሚ 5 ደቂቃ ሌላው 30 ደቂቃ ሊወስድ ስለሚችል ገሃዱ ሥራ እንደ ስሌቱ የተስተካከለ አይሆንም፤ የልዩነቱ ስፋት ግን በዚህ አይጠፋም።

ሐሳቡም አዲስ አይደለም። ዌልች እና ቤይሊ የተባሉት ተመራማሪዎች በ1952 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የተመላላሽ ክፍል ታካሚዎችን በአንድ ሰዓት አከማችቶ መጥራት ሐኪሙ ለአፍታም ሥራ እንዳይፈታ ሲባል የታካሚውን ጊዜ ያለ ልክ እንደሚያባክን አሳይተዋል። ጥቂት ሰዎችን መጀመሪያ ላይ ጠርቶ የቀሩትን በምርመራው አማካይ ርዝመት ልክ እያራራቁ መጥራት ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ከሁሉ ይልቅ ሊተች የሚገባው የሰዓቱ አመራረጥ ነው። በማስተማሪያ ሆስፒታሎች ሐኪሞች ጠዋት ለሞርኒንግ ሴሽን ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ የተኙ ሕሙማንን ለማየት ራውንድ ይወጣሉ። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው፤ ሊቀሩም አይገባም። ሆኖም ይህ መርሐ ግብር ሳምንቱን ሙሉ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ያው ተቋም ታካሚውን ሐኪሙ ሊገኝ በማይችልበት ሰዓት ይጠራዋል። ይህ ድንገተኛ መዘግየት አይደለም፤ አስቀድሞ የታወቀ፣ በወረቀት የተጻፈና ማኅተም ያረፈበት መዘግየት ነው።

ጉዳቱ በምሬት ብቻ አያበቃም። ለስኳር ምርመራ በባዶ ሆዱ የመጣ ሕመምተኛ ደሙ እስኪቀዳ ድረስ ረፋዱን ይጾማል፤ መድኃኒቱን ወስዶ ከመጣ ደግሞ የደሙ ስኳር ከሚገባው በታች ወርዶ እዚያው ወረፋው ላይ ሊወድቅ ይችላል። የቀን ሠራተኛው በእያንዳንዱ ቀጠሮ የአንድ ቀን እንጀራውን ያጣል። የደም ግፊት ሕመምተኛ የሚሰማው ሕመም ስለሌለ፣ ቀጠሮውን ሲያመዛዝን የሚታየው የወረፋው ድካም ብቻ ነው። ይቀራል። በኋላም «ክትትል አቋረጠ» ተብሎ በካርዱ ላይ ይጻፍበታል እንጂ ያቋረጠበት ምክንያት አይጻፍም። ወረፋው ካለፈው ሁሉ ፊት በ«ሰው ያለው» ሲጣስ ደግሞ መጠበቁ ግፍ ይሆናል። ዴቪድ ማይስተር በ1985 እ.ኤ.አ. ስለ ወረፋ ሥነ ልቦና በጻፈው ጽሑፍ እንዳስቀመጠው፣ ማብቂያው ያልታወቀ፣ ምክንያቱ ያልተነገረና ፍትሕ የጎደለው ጥበቃ ከእውነተኛው ርዝመቱ የበለጠ ይረዝማል።

«የእኛ ታካሚ ሰዓት አያከብርም፤ ከሩቅ ስለሚመጣም ሰዓት ሊሰጠው አይቻልም» የሚለው መከራከሪያ በከፊል ብቻ ያስኬዳል። ሰዓት ተሰጥቶት የማያውቅ ሰው ሰዓት አያከብርም ሊባል አይገባም። ከገጠር የሚመጣው ከረፋድ በኋላ፣ የከተማው ነዋሪ ማለዳ ቢመደቡ ርቀቱ ራሱ የአደላደል መመሪያ ይሆናል። በጽኑ የታመመው ደግሞ በትሪያጅ ተለይቶ ከወረፋው በፊት መታየቱ እንደተጠበቀ ነው።

ሥርዓቱ መለወጥ እንደሚችል በአገራችን ማስረጃ አለ። በጸረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁኔታቸው የተረጋጋ ታካሚዎች የ6 ወር መድኃኒት ይዘው እንዲሄዱና በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲታዩ ተደርጓል። ግፊቱም ሆነ ስኳሩ የተስተካከለለት ታካሚ ለመድኃኒት ብቻ በየወሩ የሚመላለስበት ምክንያት በዚህ ብርሃን ሊመረመር ይገባዋል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያም ስለ ታካሚ ፍሰት በስፋት ያትታል። የሚቀረው አፈጻጸሙ ነው። የጥበቃ ጊዜ ሲለካም ቆጠራው የሚጀምረው ከካርድ ክፍል መስኮት ከሆነ፣ ከንጋት ጀምሮ በበሩ ላይ የቆመው ሰው ሰዓታት በሪፖርቱ ውስጥ አይገቡም፤ ተስፋ ቆርጦ የተመለሰው ደግሞ ፈጽሞ አይቆጠርም።

ስለዚህ የሙያው ባለቤቶች በጀትና የሰው ኃይል እስኪሟሉ ሳይጠብቁ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ አለ፦ በቀጠሮው ወረቀት ላይ ሰዓት መጻፍ፤ የተጻፈውም ሐኪሙ በእርግጥ የሚገኝበት ሰዓት እንዲሆን ማድረግ፤ መዘግየት ሲያጋጥም ምክንያቱን ወጥቶ መናገር። ሐኪም የታካሚውን የደም ጠብታ በከንቱ እንዳይፈስ የሚጠነቀቀውን ያህል ሰዓቱም እንዳይባክን ሊጠነቀቅ ይገባል፤ ሁለቱም የታካሚው ናቸውና።