ጋላቢ የሌለው ፈረስ፣ ፊት የሌለው ጨፋሪ

የቡድሃ ሃይማኖት ቅርጻ ቅርጽ በእኛ መጽሔት ላይ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 እንውሰድ። ጳውሎስ አቴና በጣዖት ተሞልታ ሲያይ መንፈሱ ተበሳጨ። ሆኖም በአርዮስፋጎስ ቆሞ ሲናገር የሚያመልኩትን ሁሉ ዞሮ የተመለከተ፣ በመሠዊያቸው ላይ የተጻፈውን እንኳ ያነበበ ሰው ነበር። መመልከትና መስገድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጥንት ድንጋይን በጥንቃቄ ማንበብ የተማረ ዓይን ደግሞ በየቀኑ ስልኩ ላይ የሚመጣለትን ማስታወቂያም ማንበብ ይችላል።

በመካከለኛው ሕንድ፣ በማድያ ፕራዴሽ ግዛት፣ ሳንቺ በሚባል ኮረብታ ላይ ስቱፓ የሚሉት ትልቅ ክብ ጉልላት አለ። ሥራው የተጀመረው በንጉሥ አሾካ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ነው። አራቱ የድንጋይ በሮች የቆሙት ከዚያ በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ነው። በሮቹ በምስል ተሞልተዋል፤ ዝሆን፣ ዛፍ፣ ከተማ፣ ንጉሥ፣ ሕዝብ ይታያል። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ግን የታሪኩ ባለቤት ቡድሃ በሰው መልክ አይታይም። በእርሱ ቦታ ባዶ ዙፋን፣ የእግር ዱካ፣ መንኮራኩር ወይም ዛፍ ተቀርጿል።

በምሥራቁ በር መካከለኛ አግዳሚ ላይ ያለውን ትዕይንት እንመልከት። ልዑል ሲዳርታ ቤተ መንግሥቱን ጥሎ የወጣበት ሌሊት ነው። በስተግራ ከከተማው በር ፈረስ ይወጣል። ያው ፈረስ ወደ ቀኝ እየገሰገሰ ደጋግሞ ተቀርጿል፤ እኛ ዛሬ በፊልም የምናየውን እንቅስቃሴ ቀራጩ በአንድ ድንጋይ ላይ አሳይቶታል። በፈረሱ ጀርባ ላይ ማንም የለም። ከጀርባው በላይ ግን የንጉሥ ዣንጥላ ተዘርግቷል። በቀኝ ጫፍ ጉዞው ሲያበቃ ሁለት ትልልቅ የእግር ዱካዎች ይታያሉ፤ ዣንጥላውም ወደ እነርሱ ተዛውሯል። ፈረሱ ወደ ከተማው ሲመለስ ዣንጥላ የለውም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የሚሄደውም የሚመለሰውም ፈረስ ጀርባው ባዶ ነው። ነገር ግን አንደኛው ጌታውን ተሸክሟል፤ ሌላኛው ጌታውን ተሰናብቶ ይመለሳል። ይህን ትልቅ የመለያየት ሐዘን የሚነግረን አንድ ዣንጥላ ብቻ ነው። ቡድሃ ለምን በሰው መልክ አልተቀረጸም በሚለው ላይ ምሁራን ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ ከእነዚህ ምስሎች ብዙዎቹ ከሞቱ በኋላ ምእመናን ቦታዎቹን ሲሳለሙ ያሳያሉ ይላሉ። በፈረሱ ትዕይንት ግን ክፍተቱ ሆን ተብሎ የተተወ መሆኑ ግልጽ ነው።

በኋላ በጋንዳራና በማቱራ ቡድሃን በሰው መልክ መቅረጽ ሲለመድም የጎደለውን የማሳየት ጥበብ አልጠፋም። የሐውልቶቹ የጆሮ ጫፍ ተስቦ ረዝሟል። የተለመደው ማብራሪያ ልዑል ሳለ ከባድ ጌጥ ያንጠለጥል ነበር የሚል ነው። ጌጡ ወልቋል፤ ቀዳዳው ቀርቷል። የተወውን ሀብት የምናውቀው በጆሮው ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1959 ዶይል ዴን በርንባክ የተባለው የኒው ዮርክ ድርጅት ለቮልስዋገን ማስታወቂያ መሥራት ጀመረ። ከእነዚህ ዝነኛው «ትንሽ አስብ» የሚለው ነው፤ ቅንብሩ የሄልሙት ክሮን፣ ጽሑፉ የጁሊያን ኬኒግ። የዚያ ዘመን የአሜሪካ መኪና ማስታወቂያ መኪናውን አግዝፎና አስረዝሞ በደማቅ ቀለም ያሳይ ነበር። ክሮን ግን ገጹን ባዶ አድርጎ ትንሿን መኪና ወደ ግራ ጥግ ከላይ አስቀመጣት። ዓይን ሌላ የሚያርፍበት ስለሌለው ወደ እርሷ ይሄዳል። በሳንቺ ባዶው ቦታ ከሚታየው ነገር አልፈን እንድናስብ ይገፋፋናል፤ በዚህ ገጽ ላይ ግን ባዶው ቦታ እንደ አጥር ሆኖ ዕቃው ላይ ያቆመናል።

ከዚህ የረቀቀው እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው የአይፖድ ማስታወቂያ ነው። ጀርባው ደማቅ ሮዝ፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ነው። የሚጨፍረው ሰው ጥቁር ቅርጽ ብቻ ነው፤ ዓይን የለው፣ አፍ የለው። ነጭ ሆኖ የሚታየው የጆሮ ማዳመጫው ሽቦና በእጅ የተያዘው ዕቃ ነው። በሳንቺ የጎደለው መምህሩ ነበር። እዚህ የጎደለው የእኛ ፊት ነው። ያ ጥቁር ቅርጽ ማንም ገብቶ እንዲለብሰው የተሰፋ ልብስ ነው፤ ማንነት የሚሰጠው ደግሞ ነጩ ሽቦ ነው። እንደ ቅንብር ድንቅ ሥራ ነው። እንደ መልእክት ግን ያስፈራል፤ ሰውዬው ጨለማ ሆኖ ዕቃው ያበራልና።

ይህን ስል ድንጋዩን ቅዱስ፣ ማስታወቂያውን ርኩስ ማለቴ አይደለም። የሳንቺ በሮችም በሰጪዎች ስም ተሞልተዋል፤ በደቡቡ በር ላይ የቪዲሻ ከተማ የዝሆን ጥርስ ሠራተኞች የእጃቸው ሥራ መሆኑን አስቀርጸዋል። የሳንቺ ባዶ ቦታ የሚያመለክተውም የእኛን እምነት አይደለም። በመገናኛው ድንኳን በስርየት መክደኛው ላይ፣ በሁለቱ ኪሩቤል መካከል የነበረው ባዶ ስፍራ የሄደ ሰው መታሰቢያ አልነበረም፤ እግዚአብሔር ከሙሴ ጋር የሚነጋገርበት ስፍራ ነበር። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ልናድበሰብሰውም አይገባም።

ሆኖም የሳንቺ ቀራጭ አንድ ነገር ያስተምረናል። ምስል ውስጥ የተተወ ክፍተት ሁልጊዜ አንድን ሰው ይጠብቃል። የዛሬ ወጣት በቀን ውስጥ የሚያያቸው ማስታወቂያዎች አብዛኛዎቹ የሚጠብቁት እርሱን ነው። ጎደሎ እንደሆነ ነግረውት፣ መሙያውን በዋጋ ያቀርቡለታል።

በሚቀጥለው የኅብረት ጊዜያችሁ አንድ ማስታወቂያ መርጣችሁ ተመልከቱ። መጀመሪያ ዓይናችሁ የት እንዳረፈ ተነጋገሩ። ቀጥሎ በምስሉ ውስጥ ምን እንደጎደለ ፈልጉ። በመጨረሻም ያንን ክፍተት ማን እንዲሞላው እንደተፈለገ ጠይቁ። መልሱ «እኔ» ከሆነ፣ ከመግባታችሁ በፊት ዋጋው ምን እንደሆነ አስሉ።