«ዚስ ኢዝ ኤ ፔን»፦ በልጆቻችን የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር ላይ የቀረበ ሂስ

ሂስ ሲነሣ ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ልብ ወለድ፣ ግጥም ወይም ቲያትር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን ደራሲው የማይታወቅ፣ ርዝመቱ ከአንድ ገጽ የማያልፍ፣ ሆኖም ተማሪ ባለበት ቤት ሁሉ ሳይገባ የማይቀር ጽሑፍ ነው። ይኸውም ልጆቻችን እንግሊዝኛ ሲጀምሩ ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት የመማሪያ ክፍል ዕቃዎች ስም ዝርዝር ነው። ትንሽ ነው ተብሎ ከሂስ ሊያመልጥ አይገባውም። ማንኛውም ጽሑፍ አንባቢዬ እገሌ ነው ብሎ ይነሣልና፣ ይህም ዝርዝር ማንን እንዳሰበና ማንን እንደዘነጋ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የዝርዝሩ መልክ ለሁላችንም የታወቀ ነው። በአንድ በኩል ሥዕል፣ ከሥሩ የእንግሊዝኛው ቃል፣ ከጎኑ የዕብራይስጥ ትርጉሙ ይቀመጣል። እርሳስ፣ እስክሪብቶ፣ መጽሐፍ፣ ደብተር፣ ማስመሪያ፣ ላጲስ፣ ቦርሳ፣ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ሰሌዳ፣ በር፣ መስኮት በተራ ይደረደራሉ። ቀጥሎም በጎንደርም ሆነ በነታንያ እንግሊዝኛ የጀመረ ሁሉ የሚያውቃት ዐረፍተ ነገር ትመጣለች፤ «ዚስ ኢዝ ኤ ፔን»።

በመጀመሪያ መልካም ጎኑን እንናገር። ዝርዝሩ የሚነሣው ልጁ በእጁ ከሚይዘውና በዓይኑ ከሚያየው ነገር ነው። እርሳሱ እዚያው ስላለ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። በሀገራችን የነበረው ሥርዓት ከዚህ ይለያል። የእኛ ልጅ ትምህርት የሚጀምረው በፊደል ቆጠራ ነበር፤ ሥዕል የለም፣ ዕቃ የለም፣ ከሀ እስከ ፐ ድምፅን ከቅርጽ ጋር እያጋጠሙ መጮኽ ነው። ሁለቱም መንገዶች የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። ለባዕድ ቋንቋ ግን ከሚዳሰስ ነገር መጀመሩ ብልህነት ነው፣ በዚህ ዝርዝሩን የምንነቅፍበት ምክንያት የለንም።

ነቀፌታችን የሚጀምረው ከትርጉሙ ዓምድ ነው። ዝርዝሩ ሁለት ቋንቋ ብቻ ያውቃል። ነታንያ ግን ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች በብዛት ከሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች ቀዳሚዋ ናት፤ ቁጥራችን ከ10,000 በላይ ነው። እንደ ሔፍጺባ ባሉ ሰፈሮች አማርኛና ትግርኛ በደረጃው፣ በሱቁና በአውቶቡስ ማቆሚያው ይሰማል። እዚህ ላይ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። «የዛሬው ልጅ እዚሁ የተወለደ ነው፣ የአፍ መፍቻው ዕብራይስጥ ነው፣ አማርኛው ምን ያደርግለታል?» ይባላል። ነገሩ ለልጁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተቃውሞው በከፊል እውነት ነበር። ነገር ግን የቤት ሥራ ሁለት አንባቢ አለው፤ አንዱ ልጁ ሲሆን ሁለተኛው አጠገቡ የሚቀመጠው ወላጅ ወይም አያት ነው። ዝርዝሩ የዘነጋው ይህን ሁለተኛውን አንባቢ ነው።

ይህ አንባቢ ከእንግሊዝኛ ጋር ባዳ ነው የሚለው ግምት በብዛት ስሕተት ነው። በኢትዮጵያ ከ1941 በኋላ እንግሊዝኛ የትምህርት ቤት ዋና የውጭ ቋንቋ ሆነ። ከእንግሊዝና ከህንድ የመጡ መምህራን አስተማሩት፣ ከ1962 ጀምሮም የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች ተጨመሩ። በደርግ ዘመን ልጆች ከ3ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ይማሩ ነበር፣ ከ7ኛ ክፍል በኋላም ሒሳቡና ሳይንሱ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። በ1994 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል አስጀመረ።

በ1984 እና በ1985 መግቢያ በሙሴ ዘመቻ፣ እንዲሁም በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የገጠር ሰዎች ነበሩ፣ ሁሉም ትምህርት ቤት አልገቡም። ከእነርሱም መካከል ግን በ1979 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የለዩ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በጎንደርና በአዲስ አበባ ብዙ ዓመት ቆይተው የመጡት ደግሞ በርካቶቹ በትምህርት ቤት ያለፉ ናቸው። እነዚህ ወላጆች «ቾክ» እና «ዳስተር» የሚሉትን ቃላት ዕብራይስጥ ከመስማታቸው በፊት ያውቋቸው ነበር። በስደት ኑሮ ልጅ ለወላጁ አስተርጓሚ ሆኖ ባንክና ሐኪም ቤት መሄዱን ለምደናል። ይህ ገጽ ግን ወላጅ ከልጁ ቀድሞ የሚያውቀው ገጽ ሊሆን ይችል ነበር። ዝርዝሩ ይህን ዕድል ሳያየው ያልፋል።

ሌላም ነገር አለ። በኢትዮጵያ የተማረው አባት የሚያውቀው ቃል ከእስራኤሉ መጽሐፍ ቃል ጋር አንዳንድ ጊዜ አይገጥምም። እርሱ ደብተርን «ኤክሰርሳይዝ ቡክ»፣ ላጲስን «ራበር» ብሎ ተምሮ ሊሆን ይችላል፤ የልጁ ገጽ ግን «ኖትቡክ» እና «ኢሬዘር» ይላል። ልጁ «አባዬ፣ ተሳሳትክ» ይላል፣ አባትም ዝም ይላል። የተሳሳተ ግን የለም፤ አንደኛው የእንግሊዞች፣ ሁለተኛው የአሜሪካኖች አነጋገር ነው። ከገጹ ግርጌ ይህን የምትገልጽ አንዲት መስመር ብትጻፍ የአባትን ክብር ትጠብቃለች፣ ለልጁም እንግሊዝኛ ከአንድ ሀገር ያልመጣ ቋንቋ መሆኑን ታስተምራለች።

አሁን ወደ ቋንቋው እንግባ። አማርኛን ማስገባት ለወላጅ ክብር ብቻ ሳይሆን ለእንግሊዝኛውም ይጠቅማል። «ዚስ ኢዝ ኤ ፔንስል» የምትለውን ዐረፍተ ነገር እንመልከት። በዕብራይስጥ «ዜ ኢፓሮን» ይባላል፤ ሁለት ቃል ብቻ ነው፣ «ኢዝ» የሚለውን የሚተካ ነገር የለውም። ስለዚህ በዕብራይስጥ የሚያስብ ልጅ «ኢዝ»ን ቢረሳ አይገርምም። በአማርኛ ግን «ይህ እርሳስ ነው» እንላለን። «ነው» በመጨረሻ ይመጣል እንጂ ሥራው ከ«ኢዝ» ጋር አንድ ነው። «ነውን አትርሳ» ያለች እናት ልጇን አንድ ትልቅ የሰዋስው ነጥብ አስተማረችው ማለት ነው። «ኤ» የምትለዋ ቃል ግን በሁለቱም ቋንቋዎቻችን የግድ ስላልሆነች ለሁሉም አስቸጋሪ ናት። ዕብራይስጥ «ሃ»ን ከፊት ጨምሮ፣ አማርኛ «እርሳሱ» ብሎ ከኋላ ጨምሮ የታወቀውን ነገር ይለያል፤ ላልታወቀው ግን ሁለቱም የግድ ምልክት አያስቀምጡም። ጥሩ ዝርዝር ይህን ያሳያል፣ ያሁኑ ግን በዝምታ ያልፈዋል።

የቃላቱ ታሪክም ቢነገር ልጁን ያነቃዋል። በአማርኛ እርሳስ የማዕድኑም የመጻፊያውም ስም ነው። ዕብራይስጡ «ኢፓሮን»ም የተቀዳው «ኦፌሬት» ከሚለው ቃል ነው፣ ትርጉሙም ያው እርሳስ የተባለው ማዕድን ነው። የሁለቱም መነሻ የቆየ ስሕተት ነው፤ በመጻፊያው ውስጥ ያለው ግራፋይት ሲሆን የጥንት ሰዎች የእርሳስ ዓይነት መስሏቸው ነበር። ጠረጴዛ የሚለውን ቃል የሰጡን ግሪኮች ናቸው። ልጁ በሒሳብ ክፍል «ትራፔዝ» የሚለው አራት ጎን ያለው ቅርጽም ስሙን ያገኘው ከዚያው ከግሪኩ ቃል ነው። ደብተርም ቆዳ ከሚለው የግሪክ ቃል የወረደ ነው። ላጲስ ስንል የምንደመስስበትን ማለታችን ነው፤ ጣሊያኖች «ላፒስ» የሚሉት ግን የሚጻፍበትን እርሳስ ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ የአያቱ ቋንቋ ከዓለም የተቆረጠ እንዳልሆነ፣ ቃላትም እንደ ሰው ከሀገር ወደ ሀገር እንደሚሰደዱ ይረዳል።

ስለ አነባበብም አንድ ነጥብ እንጨምር። ልጆች የእንግሊዝኛውን ድምፅ በዕብራይስጥ ፊደል ከቃሉ ሥር ይጽፉታል። ያለ ነቁጥ የተጻፈ ዕብራይስጥ ግን አናባቢውን በሙሉ አይነግረንም፣ «ፔ» የምትባለው ፊደልም ያለ ነጥብ ፐንም ፈንም ልትሆን ትችላለች። የእኛ ፊደል በዚህ ይበልጣል፤ «ፔንስል» ብሎ የጻፈ ሰው «ፌንስል» ብሎ ሊያነበው አይችልም። በኢትዮጵያ የተማሩ ብዙዎች በደብተራቸው ጠርዝ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነበር። እርግጥ ነው ፊደላችንም ጉድለት አለበት። «ዚስ» ብሎ ሲጽፍ ምላስ በጥርሶች መካከል የምታወጣውን ድምፅ ይሰውረዋል፤ ዕብራይስጥም ይህ ድምፅ ስለሌለው በዚህ እኩል ነን። ፖሊስን «ቦሊስ» የሚሉ ሽማግሌዎቻችንም ፐ ከባዕድ ቃላት ጋር የመጣ ድምፅ መሆኑን ያስታውሱናል፤ በዚህ ልጅ አያቱን ቢያስተምር ነውር የለውም።

ሁለተኛው ትልቅ ነቀፌታችን ዝርዝሩ ስም እንጂ ግስ የማያውቅ መሆኑ ነው። ዐሥራ ሁለት ዕቃ ጠርቶ የጨረሰ ልጅ እርሳስ ቢጠፋበት ከጓደኛው መለመን አይችልም። «ይህ እርሳስ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር እርሳሱን እያየ ላለ ሰው የሚነገር አይደለም፤ በኑሮ የሚያስፈልገው «እርሳስ አውሰኝ» ነው። አማርኛ «ተዋሰ» ብሎ ከዚያው ግስ «አዋሰ»ን ያወጣል። ዕብራይስጥም ከአንድ ሥር «ሊሽኦል» እና «ለሀሽኢል» ይላል። እንግሊዝኛ ግን «ቦሮው» እና «ሌንድ» ብሎ ዝምድና የሌላቸውን ሁለት ቃላት ይጠቀማል፣ ተማሪዎችም ዘወትር የሚምታታባቸው እዚህ ላይ ነው። ዕብራይስጥ «ላማድ» ሲል ተማረ ማለቱ ነው፤ የእኛ «ለመደ»ም ከዚያው ሥር የተገኘ ነው። ቃል የሚለመደው ሲሠራበት ነውና፣ ዝርዝሩ «ስጠኝ»፣ «ክፈት»፣ «ዝጋ»፣ «ጻፍ» የሚሉትን ካልጨመረ የሥዕል መለያ ሆኖ ይቀራል።

ለሌላው ያወጣነውን ሚዛን ለራሳችንም እናውጣ። በየማኅበሩና በየሞአዶኒቱ አማርኛ ያለበት ዝርዝር ሲዘጋጅ የሚታይ ድክመት አለ። አዘጋጆቹ አማርኛው እንዲከብር ሲሉ ማንም በቤቱ የማይናገረውን የመጽሐፍ ቃል ይመርጣሉ። እናት «እስክሪብቶ» የምትለውን ዕቃ «የጽሕፈት መሣሪያ» ብሎ መጻፍ፣ «ላጲስ»ን ትቶ «መደምሰሻ» ማለት እናትን ሁለተኛ ጊዜ ከገጹ ማስወጣት ነው። ትግርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦቻችንም ሊረሱ አይገባም። አማርኛ ብቻ ጽፎ «የማኅበረሰቡ ቋንቋ ገባ» ማለት በእኛ ላይ ሲደረግ የምንቃወመውን በወንድሞቻችን ላይ መድገም ነው።

ይህ ሁሉ ስለ አንድ ገጽ ለምን ይነገራል? በእስራኤል እንግሊዝኛ የበር ጠባቂ ስለሆነ ነው። በባግሩት ፈተና በ3፣ በ4 ወይም በ5 ዩኒት ይፈተናል፣ ልጁ በየትኛው ደረጃ እንደተፈተነም ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚሄድበት መንገድ ላይ ይታያል። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የፕሲኮሜትሪ ፈተናም ከሦስት ክፍሎቹ አንዱ እንግሊዝኛ ነው። በነታንያ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች የመጡ ብዙ ነዋሪዎች አሉ፤ ልጆቻቸው በቤት የሚሰሙትን ቋንቋ የእኛ ልጆች በክፍል ብቻ ይሰሙታል። የግል አስጠኚ መቅጠር የሚችል ቤተሰብ ልዩነቱን በገንዘብ ይሞላል። የማይችለው ያለው ሀብት አጠገቡ የሚቀመጠው ወላጅ ነው። ያ ወላጅ ከመጀመሪያው ገጽ «አንተን አይመለከትህም» ከተባለ፣ በአምስተኛው ዓመት አስቸጋሪው ገጽ ሲመጣ ልጁ አይጠራውም።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። ዝርዝሩ በአጀማመሩ ትክክል፣ በአንባቢ ግምቱ ግን ጠባብ ነው። ለማሻሻል ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከዕብራይስጡ ቀጥሎ አንድ ባዶ ዓምድ ይተውለት፣ ልጁም ቤቱ ወስዶ «ይህን እናንተ ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ ጠይቆ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ያስሞላው። ማንበብና መጻፍ የማይችል አያት ቃሉን በአፉ ይናገር፣ ልጁ በሚችለው ፊደል ይጻፈው። ገጹ በማግስቱ ወደ ክፍል ሲመለስ መምህሯም ከአንድ ቤት «ጠመኔ»፣ ከሌላው «ቾክ» መጥቶ ታያለች። ስለ ቋንቋችን ለውጥ የሚያጠኑ ተመራማሪዎችም ከእነዚህ ገጾች ብዙ የሚያገኙት ይኖራል። ወላጆች፣ ዓምዱ እስኪታተም አትጠብቁ፤ በገጹ ኅዳግ ላይ ለአንድ ቃል የሚሆን ቦታ ዛሬም አለ።