«ሲስተም የለም»፦ የሰርቨር ስሕተት መልእክቶችና የአማርኛ አሉታ

በኢትዮጵያ ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች የኮምፒውተር አገልግሎት ሲቋረጥ ባለጉዳይ ዘወትር የሚሰማው ምላሽ «ሲስተም የለም» የሚል ነው። አባባሉ አጭር ነው፤ ማንንም አይወቅስም። ይሁን እንጂ «የለም» የህልውና አሉታ እንደመሆኑ የተለያዩ እክሎችን በአንድ ቃል ይጠቀልላል። የቃላት ወይም የጽሑፍ ክምችቱን በመረጃ ቋት ለሚያኖር የቋንቋ ተመራማሪ ይህ መጠቅለል መፍትሔውን ያሳስታል።

ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት ሥርዐት እክሎቹን በቁጥር ይለያል። 2003 ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አለመቻሉን ይገልጻል፤ ሰርቨሩ አልተነሣ፣ አድራሻው ተሳስቶ ወይም ፋየርዎል መንገዱን ዘግቶ ይሆናል። 1040 ግንኙነቶች መብዛታቸውን ይናገራል፤ ሰርቨሩ በሥራ ላይ ነው፣ ነገር ግን አስተዳዳሪው ካልቀየረው 151 የሆነው ጣሪያ ሞልቷል። 1203 ደግሞ አንድ ተጠቃሚ የተፈቀደለትን የግንኙነት ብዛት መጨረሱን ያመለክታል፤ ለሌሎች ግን ቦታ ሊኖር ይችላል።

አማርኛ ይህን ልዩነት ለመግለጽ አይቸገርም። «ሰርቨሩ ሞልቷል» በሚለው ግሥ ውስጥ ረዳት ግሡ «አለ» ተዋሕዶ ይገኛል፤ ስለዚህ «የለም» የካደውን ህልውና ቅርጹ ራሱ ይመሰክራል። «ድርሻዎ አልቋል» ሲባል ደግሞ የባለቤትነት ቅጥያው እክሉ የማን እንደ ሆነ ያሳያል።

ልዩነቱ በተግባር ይፈተናል። ጣሪያው በሞላ ጊዜ አስቀድሞ የሚመረመረው ሥራቸውን ጨርሰው ያልተዘጉ ግንኙነቶች መኖራቸው ነው። እያንዳንዱ ግንኙነት የማስታወሻ ቦታ ስለሚወስድ ጣሪያውን ዝም ብሎ ማሳደግ ሌላ እክል ይጋብዛል። «ሲስተም የለም» ብሎ የተነሣ ግን ሰርቨሩን አጥፍቶ ያስነሣዋል፤ ግንኙነቶቹ ለጊዜው ይጸዳሉ፣ ሳይዘጋቸው የቀረው ፕሮግራም ግን ሳይታወቅ ይቀራል፤ እክሉም ይመለሳል።

ጥፋቱ የአማርኛው ብቻ አይደለም። የ2006 መልእክት በእንግሊዝኛው ሰርቨሩ ትቶ እንደ ሄደ ይናገራል። ሰርቨሩ ግን ብዙ ጊዜ በቦታው ነው፤ ካልተቀየረ በቀር ለ28800 ሰከንድ፣ ማለትም ለ8 ሰዓት፣ ሥራ የፈታውን ግንኙነት ዘግቶ ወይም ከተፈቀደው መጠን በላይ የሆነ ጥያቄ ደርሶት ሊሆን ይችላል። ይህ መጠን የሚለካው በባይት ነው፤ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ የአማርኛ ክምችት በፊደል ብዛቱ ከሚገመተው ቀድሞ ገደቡን ይነካል። «ሰርቨሩ ሄዷል» የሚል ቀጥተኛ ትርጉም ይህን ሁሉ ይሰውራል፤ «ግንኙነቱ ተቋርጧል» ግን አድራጊውን ባይጠራም የተቋረጠውን ነገር በትክክል ይሰይማል።

እንግዲህ የእነዚህ መልእክቶች ተርጓሚ ከቃሉ ውበት በፊት የግሡን ባለቤት ሊመርጥ ይገባል፤ የስሕተቱንም ቁጥር ከትርጉሙ ጋር ሊያቆይ ይገባል። «የለም» በእውነት ለሌለው ነገር ብቻ ይቀመጥ።