ዋልካን የሚያስታውቁ ሦስት ምስክሮች፤ ስለ አፈር አመዳደብ የቀረበ ትችት

አፈርን በየዓይነቱ ለይቶ መሰየም የአፈር ሊቃውንት ሥራ ነው ይባላል። ዳሩ ግን ሊቃውንቱ ሳይነሡ በፊት አፈርን ለይቶ የሰየመው አራሹ ነው። በአማርኛ ዋልካ ወይም መረሬ፣ በትግራይም እንዲሁ ዋልካ፣ በኦሮምኛ ኮቲቻ የሚባለው ጥቁርና ከባድ መሬት በዛሬው ዓለም አቀፍ አጠራር ቨርቲሶል ይባላል። በ1980ዎቹ ይሰጥ በነበረው ግምት መሠረት ይህ አፈር በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሸፍናል፤ ከዚህም 7.6 ሚሊዮን ያህሉ የሚገኘው በደጋው ክፍል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አፈሩን ማወደስ ወይም መንቀፍ ሳይሆን፣ አፈሩ ተለይቶ የታወቀበትን መንገድ መመርመር ነው። አፈርን ለመለየት ሦስት ምስክሮች ይጠራሉ፤ እነርሱም የመስክ ጥናት፣ የላቦራቶሪ ምርመራና የአየር ጠባይ መዝገብ ናቸው። ሦስቱም የሚናገሩት እውነት ነው። ነገር ግን ስለ ዋልካ ሦስቱም በሚገባ ሳይመልሱት የሚቀር አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ለገበሬው ከሁሉ የሚበልጠው ነው፦ ውሃው በዚህ መሬት ውስጥ መቼ ይገባል? ስንት ቀንስ ይቆያል?

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ቃል ማለት ያስፈልጋል። የአፈር ሳይንስ ከገበሬ አፍ ስም መውሰድን የሚያፍርበት አልነበረም። ሩሲያዊው ዶኩቻየቭ በ1883 ስለ አገሩ ጥቁር አፈር ባሳተመው መጽሐፍ የዘመናዊውን የአፈር ሳይንስ መሠረት ሲጥል የተጠቀመበት ቼርኖዝየም የሚለው ቃል፣ ፖድዞል እንደሚለው ሁሉ፣ ከሩሲያ ገበሬ ቋንቋ የመጣ ነው። በከባድ ጥቁር አፈር ላይ የሚታየው ጉብታና ስርጉድ በመላው ዓለም የሚጠራበት ጊልጋይ የሚለው ስምም ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የተወሰደ ነው። ለዚሁ አፈር ህንድ ረጉር፣ ሞሮኮም ቲርስ የሚል ስም ነበራቸው። በ1960 አሜሪካኖች ባቀረቡት አዲስ የአመዳደብ ሥርዓት እነዚህ ሁሉ ስሞች ተጠቅልለው፣ «መገልበጥ» ከሚል የላቲን ግሥ በተበጀው ቨርቲሶል በሚለው ስም ተተኩ። የአንድ አገር ሊቅ የሌላውን እንዲረዳ አንድ ቋንቋ ማስፈለጉ የማይካድ ነው። ጉዳቱ ስሙ በመለወጡ አይደለም፤ ከስሙ ጋር ተያይዞ የነበረው ዕውቀት ሳይመረመር ወደ ጎን በመደረጉ ነው።

የመጀመሪያው ምስክር የመስክ ጥናት ነው። አጥኚው ጉድጓድ አስቆፍሮ የአፈሩን ንብብር ከላይ እስከ ታች ይመለከታል። በቨርቲሶል ዘንድ የሚፈልጋቸው ምልክቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ከላይ ባለው 100 ሳንቲ ሜትር ውስጥ የሚጀምር፣ ውፍረቱ ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ እርስ በርሳቸው ተፋትገው የተወለወሉ ገጾች ወይም እንደ ሽብልቅ ያሉ ጓሎች ያሉበት ንብብር፤ ሁለተኛ፣ ቢያንስ 30 በመቶ የሆነ የሸክላ መጠን፤ ሦስተኛ፣ በየጊዜው የሚከፈትና የሚዘጋ ንቃቃት። የተወለወለው ገጽ አፈሩ ሲያብጥና ሲኰማተር እርስ በርሱ መገፋፋቱን የሚያስረዳ ስለሆነ፣ በምንም ሌላ መሣሪያ የማይገኝ ማስረጃ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ምስክር የሚያየው በአንድ ቀን ነው። ያም ቀን ብዙውን ጊዜ የበጋ ቀን ነው፤ በክረምት ዋልካውን ተሻግሮ ጉድጓድ መቆፈር እጅግ አስቸጋሪ ነውና። ንቃቃቱ «ይከፈታል፤ ይዘጋል» የሚለው ቃል በትርጓሜው ውስጥ ሰፍሮ ሳለ፣ ሲከፈትና ሲዘጋ ያየ አጥኚ ግን ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ የአፈሩ ጥቁረት ራሱ ያሳስታል። በሌላ አፈር ውሃ መቋጠሩን የሚያስታውቁት ግራጫና ዝገት መሰል ነጠብጣቦች በዋልካ ጥቁረት ስለሚሸፈኑ፣ ለወራት ውሃ የተኛበት መሬት በበጋ ሲታይ ምንም እንዳላገኘው ሊመስል ይችላል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከዩኔስኮ ጋር በ1974 ያወጣው መግለጫ ቨርቲሶሎችን በቀለማቸው መጠን ለሁለት ከፍሏቸው ነበር፤ በ1988 የተሻሻለው መግለጫ ግን ይህንን አከፋፈል ትቶታል። መተዉም ተገቢ ነበር።

በካርታውም ረገድ መጠኑን ማስታወስ ይገባል። በ1984 የወጣው የኢትዮጵያ አፈር ካርታ የተሠራው በ1 ለ1,000,000 መጠን ነው። በዚህ መጠን በካርታው ላይ አንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር በምድር ላይ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። በእንዲህ ያለ ሥፍራ ውስጥ ግን ዋልካውም፣ ቀዩም፣ ቦዳውም መሬት ጎን ለጎን ይገኛሉ። ካርታው ለአገር ዕቅድ የሚበጅ ሆኖ ሳለ የአንድን ቀበሌ ማሳ እንዲያመለክት መጠየቅ በካርታው ላይ የማይችለውን ሸክም መጫን ነው።

ሁለተኛው ምስክር ላቦራቶሪ ነው። ላቦራቶሪው የሸክላውን መጠን፣ ንጥረ ነገር የመያዝ ኃይሉን፣ የሸክላውን ማዕድን ዓይነትና አፈሩ ከእርጥበት ወደ ደረቅነት ሲሸጋገር የሚያጥርበትን ልክ ይነግረናል። ማበጡና መኰማተሩ ስሜክታይት ከሚባለው የሸክላ ማዕድን የሚመጣ መሆኑን ያወቅነው በዚሁ ምስክር ነው። ላቦራቶሪው አንድ ትልቅ የተሳሳተ አስተያየትንም አርሟል፤ ይኸውም ጥቁር አፈር ሁሉ ለም ነው የሚለውን ነው። የዋልካ ጥቁረት የብስባሽ ብዛት ምልክት አይደለም፤ ጥቂት ብስባሽ ከሸክላው ጋር በጽኑ ሲዋሐድ የሚሰጠው ቀለም ነው። ስለዚህም ብዙው የደጋ ዋልካ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ያንሰዋል።

የዚህ ምስክር ጉድለት ከአሠራሩ ይመነጫል። ናሙናው ደርቆ፣ ተደቁሶ፣ ቀዳዳው 2 ሚሊ ሜትር በሆነ ወንፊት ተነፍቶ ይመረመራል። ከዚህ በኋላ በእጅ ያለው የዋልካ ዱቄት እንጂ ዋልካ አይደለም፤ ንቃቃቱም ጓሉም ጠፍቷልና። ለዋልካ ደግሞ የውሃው መንገድ ንቃቃቱ ነው። በበጋ መጨረሻ የሚወርደው የመጀመሪያ ዝናብ በንቃቃቱ አልፎ የላዩን አፈር ሳያርስ ወደ ታች ይገባል። አፈሩ አብጦ ንቃቃቱ ከተዘጋ በኋላ ግን የሚወርደው ዝናብ ለመስረግ እጅግ ስለሚዘገይ በላዩ ይተኛል። ስለዚህ ያው አንዱ መሬት በግንቦት እንደ ወንፊት፣ በነሐሴ እንደ ገንቦ ይሆናል። ውሃ የሚያሳልፍበትን ፍጥነት በአንድ ቁጥር መግለጽ የሁለት ወቅቶችን ጠባይ ማደባለቅ ነው።

ሦስተኛው ምስክር የአየር ጠባይ መዝገብ ነው፤ ብርቱው ክርክር ያለውም እዚህ ላይ ነው። አሜሪካኖች በ1975 ያሳተሙት የአፈር አመዳደብ መጽሐፍ የአፈርን የእርጥበት ጠባይ በስሙ ውስጥ ያስገባል። ይህንንም በየሥፍራው ለመለካት ስለማይቻል፣ ፍራንክሊን ኒውሆል በ1972 ባቀረበው ስሌት ከወርኃዊ ዝናብና ከሙቀት መዝገብ ተነሥቶ መገመት የተለመደ ሆኗል። ስሌቱ አፈሩን ውሃ ከላይ ወደ ታች በሥርዓት እንደሚሞላው ጎተራ ይቆጥረዋል። ዋልካ ግን እንደተባለው ከላይም ከንቃቃቱ ሥርም የሚርስ ነው። መጽሐፉ ራሱ ይህ መለኪያ ለሚነቃቃ ሸክላ በደንብ እንደማይስማማ አምኖ፣ በቨርቲሶል ዘንድ ንቃቃቱ ተከፍቶ የሚቆይበት የቀን ብዛት እንዲቆጠር ያዛል። በመደበኛ ዓመት ንቃቃቱ ተደምሮ 90 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ተከፍቶ የሚቆየው አፈር ኡስተርት፣ ከዚያ ያነሰው ኡደርት ይባላል።

ትእዛዙ መልካም ነው፤ ቀኑን የሚቆጥረው ግን ማን ነው? የዝናብ መለኪያው ጣቢያ አይቆጥረውም። በልግ የሚዘንብበት ደጋ ንቃቃቱ በመጋቢት ተዘግቶ በግንቦት እንደገና ሊከፈት ይችላል፤ በልግ የሌለበት ደጋ ግን ከኅዳር እስከ ሰኔ እንደ ተከፈተ ይቆያል። የዓመቱ ዝናብ ድምር አንድ ቢሆን እንኳ የቀኑ ቁጥር አንድ አይሆንም። ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። በጋው ረጅም የሆነበት የደጋ ዋልካ በዚህ ሥርዓት ኡስተርት ሲባል ስሙ የሚናገረው ስለ ድርቀቱ ነው፤ ገበሬው ግን በሐምሌና በነሐሴ የሚታገለው ከውሃ ጋር ነው። ውሃ የሚቋጠርበት ቨርቲሶል አኩዌርት በሚል ስም ራሱን የቻለ ሥፍራ ያገኘው በ1992 ነው፤ ይኸውም መጽሐፉ ከታተመ ከ17 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በሌላው ወገን፣ በ1998 የወጣው ዓለም አቀፍ የአፈር ሀብት መግለጫ የአየር ጠባይን ከአመዳደቡ ፈጽሞ አስወጥቶታል። ምክንያቱም፣ አፈር በራሱ ጠባይ እንጂ በሰማዩ ጠባይ መሰየም የለበትም የሚል ነው። ይህ አሳብ የተጣራ ነው፤ ነገር ግን ስለ ውሃው ወቅት ብዙም አይናገርም። አንደኛው ወገን በቂ ማስረጃ ሳይኖረው ይፈርዳል፤ ሁለተኛው ፍርዱን ይተወዋል።

ማስረጃው ግን ያለ ባለቤት የቀረ አይደለም። ገበሬው በዋልካ ላይ ጤፍን ዘግይቶ፣ ሽምብራንና ጓያን ደግሞ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል የሚዘራው በስንፍና አይደለም፤ ውሃው የሚጎድልበትን፣ አፈሩም ቋጥሮ የሚያቆየውን እርጥበት ስለሚያውቅ ነው። በማሳው ላይ የሚያወጣው ፈሰስ ጥልቀቱና ርቀቱ የውሃውን ብዛት የሚያሳይ መለኪያ ነው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ቤተሰቡ በሙሉ ወጥቶ፣ ከታረሰ በኋላ አፈሩን በእጅ እየሰበሰበ ሰፊ መደብና ቦይ የማበጀት ልማድ አለው። የአገር ውስጥና ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት በ1986 በጋራ የጀመሩት የዋልካ መሬት ፕሮጀክት ይህንኑ መደብ በበሬ ለማውጣት ሁለት ማረሻ አያይዞ መሣሪያ ሠርቷል፤ ይህም ስንዴን ቀደም ብሎ ለመዝራት ያስቻለ ነው። መሣሪያው ፍሬ ያፈራው ውሃው በየት በኩል እንደሚሄድ ስለተጠየቀ ነው።

በዚህ ላይ ግን ትችቱ ወደ እኛም፣ የሕዝብን ልማድ ወደምናጠናው ወገን፣ መመለስ አለበት። የአፈር ስሞችን ዘርዝሮ መጻፍ ብቻውን ዕውቀት አይሆንም። አንዱ ቀበሌ ዋልካ የሚለውን ሌላው መረሬ ይለዋል፤ በአንድ ሥፍራ ግን ሁለቱ ስሞች ሁለት የተለያዩ መሬቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ገበሬው ሲሰይም ከጎረቤት ማሳ ጋር እያነጻጸረ ነው፤ «ጥቁር» ሲል ከዚያኛው ይልቅ ጥቁር ማለቱ ነው። ስለዚህ ከጉድጓዱና ከናሙናው ተለይቶ በመዝገብ የሰፈረ ስም፣ ከማሳው ተለይቶ እንደ ተደቆሰው አፈር፣ ዋናውን ነገር ያጣ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ማሳሰብ ይገባል። የዋልካ ጉድጓድ በአንድ ቀን ታይቶ አይዘጋ፤ በበጋው፣ በበልጉ፣ በክረምቱና በመስከረም ይታይ። ንቃቃቱ የተከፈተበትና የተዘጋበት፣ ውሃውም በላዩ የተኛበት ቀን ለተከታታይ ዓመታት ይመዝገብ፤ ለዚህም ዘንግና መዝገብ እንጂ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የመሬቱ ስም በጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ከባለማሳው ቃል ይወሰድ፤ ምን እንደሚዘራበት፣ መቼና ስለ ምን እንደሆነም ይጠየቅ።

ጉዳዩ የስም ክርክር ብቻ እንዳይመስል የመጨረሻውን ነገር መናገር ያሻል። በዝናብ መዝገብ ብቻ ተመርቶ «ቀድመህ ዝራ፣ ማዳበሪያ ጨምር» የሚል ምክር ውሃው ባልተንጣለለበት መሬት ትክክል ሊሆን ይችላል። ፈሰስ ባልወጣለት ዋልካ ላይ ግን ዘሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ ናይትሮጅኑም ወደ ጋዝነት ተለውጦ ይባክናል። አመዳደቡ ሲሳሳት መጽሐፉ በሚቀጥለው እትም ይታረማል፤ የጠፋው ዘርና የማዳበሪያው ዕዳ ግን በአራሹ ላይ ይቀራል።