ውሃን ከውስጥ መሙላት

ከባሕር ዳር ዘጌ በሚመላለስ የሞተር ጀልባ ወለል ላይ ውሃ ቢገኝ፣ የገባው እዚያው ነው ማለት አይደለም፤ ከፊት ገብቶ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ተንሸራትቶ ሊሆን ይችላል። የምወደው የጀልባ ጠጋኙ ብልሃት ነገሩን መገልበጡ ነው። ጀልባዋን የብስ ላይ አውጥቶ፣ ውጪዋን ወልውሎ አድርቆ፣ ውሃ ከውስጥ ይጨምርባታል። (በልኩ ነው፤ ከበዛ ክብደቱ አካሏን ይጎዳል።) ከዚያ ባትሪ ይዞ ከሥሯ ይንበረከካል። መጀመሪያ የማፍሰሻ ውታፏን፣ ቀጥሎ የብሎን ቀዳዳዎችን ያያል። አንዲት ጠብታ ታብጣለች፣ ትንጠለጠላለች፤ ዙሪያዋን በጠመኔ ይከባል። የፕሮፔለሩ ዘንግ መግቢያ ግን ያሳስታል፤ በአሮጌው ዓይነት ማሸጊያ፣ ዘንጉ ሲዞር ጥቂት ማንጠባጠብ ደንብ ነው፣ ጨርሶ ከደረቀ ይግላል። የማቀዝቀዣ ቱቦውም ቢሆን አመሉን የሚያወጣው ሞተሩ ሲነሳ ነው።